ሐኪም ሳይሆን የቀረው ቻርልስ ዳርዊን

የቻርልስ ዳርዊን ስም በተነሣ ቁጥር ወሬው ወዲያው ወደ ዝንጀሮና ወደ ሃይማኖት ክርክር ስለሚያመራ፣ ይህ ሰው በወጣትነቱ የሕክምና ተማሪ እንደ ነበረ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። እኛ የምንጽፈው ስለዚያ ተማሪ ነው። ከሕክምና ፋኩልቲ ጓደኞቻችን መካከል ፈተና ሲቀርብ እንቅልፍ የሚያጣ፣ ሆዱን የሚያመው፣ አዲስ በሽታ ባጠና ቁጥርም ያንኑ በሽታ በገዛ አካሉ ላይ የሚፈልግ አይታጣምና፣ ታሪኩ የሩቅ አገር ቢሆንም ባዕድ አይሆንብንም። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዳርዊን በ1809 በእንግሊዝ አገር በሽሮዝበሪ ከተማ ተወለደ። አያቱ ሐኪም፣ አባቱም ሐኪም ነበሩ። ስሙ የወጣለት በአጎቱ ስም ሲሆን፣ ያ አጎት በኤዲንብራ ሕክምና ሲማር ሬሳ በመመርመር ላይ ሳለ በያዘው ሕመም በ1778 ገና በ19 ዓመቱ ሞቷል። አባቱ ሮበርት ዳርዊን ክብደታቸው ከ150 ኪሎ የሚያልፍ፣ በከተማው የተፈሩና የተከበሩ ሰው ነበሩ። የሚያስገርመው ግን እርሳቸው ራሳቸው ሙያውን በመጀመሪያ አምርረው ይጠሉት ነበር፤ አባታቸው ምርጫ ሰጥተዋቸው ቢሆን ኖሮ ባልገቡበትም ነበር። እስከ ሽምግልናቸው ድረስ በሽተኛ ደሙ ሲቀዳ ማየት ይከብዳቸው፣ ኦፕራሲዮን ሲታሰባቸውም ያቅለሸልሻቸው ነበር። ይህን ሁሉ እያወቁ ልጃቸውን ወደዚያው ላኩት። አባት የተሸከመውን ቀንበር ልጁም ይለምደዋል ብሎ ያስባልና!

ልጁ ለሕክምና የማይረባ ነበር ማለት አይደለም። በ1825 በበጋ፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ በሽሮዝበሪ ደርዘን ያህል ድሆች ሕመምተኞችን እየጎበኘ ስሜታቸውን ጽፎ ለአባቱ ያቀርብ ነበር፤ አባቱም ጎበዝ ሐኪም ይወጣዋል ብለው ተስፋ አደረጉ። በዚያው ዓመት ከታላቅ ወንድሙ ከኢራዝመስ ጋር ወደ ኤዲንብራ ሄደ። እዚያ ግን የመድኃኒት ትምህርት በክረምት ብርድ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ይሰጥ ነበር፤ የአናቶሚው መምህርም ትምህርታቸው ደረቅ ስለ ነበረ ልጁ ሬሳውን ተጸይፎ መክፈቱን ሳይማር ቀረ። ይህንንም በኋላ በተመራማሪነቱ ዘመን ሲጸጸትበት ኖሯል።

ዋናው ነገር የሆነው በሆስፒታሉ የኦፕራሲዮን አዳራሽ ነው። በዚያን ጊዜ ማደንዘዣ የሚባል ነገር የለም። በኤተር የማደንዘዝ ዘዴ በአሜሪካ በቦስተን የታየው በ1846፣ ክሎሮፎርምም በዚያው በኤዲንብራ በጄምስ ያንግ ሲምፕሰን እጅ በሥራ ላይ የዋለው በ1847 ነው። ከዚያ በፊት በሽተኛው በሰው እጅ ተይዞ በሙሉ አእምሮው ሳለ ይቆረጥ ነበር፤ ተማሪውም በዙሪያው ቆሞ ያያል። ዳርዊን ሁለት ከባድ ኦፕራሲዮን አየ፤ አንዱ የተሠራው በልጅ ላይ ነበር። ሁለቱንም እስከ መጨረሻ አላየም፤ አቋርጦ ሮጦ ወጣ፣ ዳግመኛም አልተመለሰም። ያየው ነገር ለብዙ ዓመታት ከዓይኑ አልጠፋም። በዚያ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ድንጋጤ ሰው የሚያወያይበት ሥፍራ አልነበረም፤ የቻለ ይቆማል፣ ያልቻለ ይወጣል።

ዳርዊን መጽናኛውን ከትምህርቱ ውጭ ፈለገ። በሚኖርበት በሎዚያን ጎዳና ጆን ኤድመንስተን የሚባል፣ ከባርነት ነፃ የወጣ፣ ከደቡብ አሜሪካ ከጋያና የመጣ ጥቁር ሰው ነበር። የወፎችን ቆዳ ገፎ፣ በውስጡ ሞልቶ፣ በሕይወት እንዳሉ አስመስሎ ማቆም የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ዳርዊን ከፍሎ ይህን ሙያ ተማረ፤ ብዙውን ጊዜም አብሮት ተቀምጦ ይጫወት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ከሮበርት ግራንት ጋር ወደ ባሕር ዳር እየወረደ ጥቃቅን ፍጥረቶችን ይሰበስብ ጀመር፤ በ1827 መጋቢት ላይም ያገኘውን ለተማሪዎች ማኅበር አቀረበ። ሬሳ ያቅለሸለሸው ልጅ የባሕር ትል ሲመረምር ምንም አይሰማውም ነበር።

በ1827 ሕክምናውን ተወ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መሸፈን አይገባንም፦ አባቱ በቂ ሀብት እንደሚያወርሱት ገና ኤዲንብራ ሳለ ተረድቶ ነበር። መሸሽ የቻለው መሸሻ ስለ ነበረው ነው። ከጎኑ ቆሞ ያን ልጅ ሲቆረጥ ያየው፣ ቤተሰቡም በእርሱ ላይ ተስፋ የጣለበት ድኻ ተማሪ ወዴት ይሄዳል? ስለዚያ ተማሪ የሕይወት ታሪክ የጻፈ የለም።

ከዚያ አባቱ ቄስ ይሁን ብለው ወደ ካምብሪጅ ላኩት፤ እርሱም ጢንዚዛ ሲያሳድድና ከፕሮፌሰር ሄንስሎ ጋር ሲንሸራሸር ከርሞ በ1831 ፈተናውን አለፈ። በዚያው ዓመት ቢግል በምትባለው መርከብ ዓለምን እንዲዞር ተጠራ። መርከቧ በፕሊመዝ ወደብ ሁለት ወር ስትዘገይ ዳርዊን ልቡ ትር ትር ይልበት፣ ደረቱንም ያመው ጀመር። በኤዲንብራ የለቀማት ጥቂት የሕክምና ዕውቀት የልብ በሽታ እንደ ያዘው አሳመነችው። ሐኪም ዘንድ ግን አልሄደም፤ ከሄደ ለጉዞ አትበቃም ይሉኛል ብሎ ፈራ። ሕመሙን እንደ ደበቀ በታኅሣሥ 27 ቀን ተሳፈረ፤ አምስት ዓመትም ዞሮ በደኅና ተመለሰ። ብዙ የማያውቅ ምንም አይፈራም፣ ብዙ የሚያውቅ ይመረምራል፤ መካከል ላይ ያለው ተማሪ ግን በሽታውን ሁሉ ለራሱ ያደርገዋል።

ከተመለሰ በኋላ እውነተኛ ሕመም መጣበት። የልብ መምታት፣ ማስታወክ፣ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ አርባ ዓመት ያህል ተፈራረቁበት። አንዳንዶች የተባይ ንክሻ ነው፣ አንዳንዶች ወተት አልስማማው ብሎ ነው፣ ሌሎችም የመንፈስ ጭንቀት ነው ይላሉ፤ እስከ ዛሬ አልተቆረጠም። በ1849 ዶክተር ጋሊ በሚባሉ ሐኪም ዘንድ በሞልቨርን በቀዝቃዛ ውኃ ታከመ፤ ሥራውንም በቀን በሁለት ሰዓት ተኩል ወሰኑበት። በዳውን መንደር በሚገኘው ቤቱ ጠዋት ጥቂት ሰዓት ይሠራል፣ በአሸዋው መንገድ ይመላለሳል፣ ተጋድሞ ልብ ወለድ ይነበብለታል፣ ማታም ከሚስቱ ከኤማ ጋር ባክጋሞን የሚባለውን የገበታ ጨዋታ ሁለት ዙር ይጫወታል። ማን እንዳሸነፈም ይመዘግብ ነበር፤ በ1876 መጀመሪያ ላይ እርሱ 2795፣ እርስዋ 2490 ጊዜ አሸንፈው ነበር። በዚህ ሁኔታ የሠራው ሥራ ጤነኛውን የሚያሳፍር ነው።

በጥር 1850 ኤማ በምጥ ተያዘች። ሐኪሙ ቶሎ ስላልደረሰ፣ ከኤዲንብራ ሸሽቶ የወጣው ሰው ክሎሮፎርሙን በገዛ እጁ ሰጣት፤ ሌናርድ የተባለው ልጅም ተወለደ። ከሌናርድ አንድ ዓመት ከአምስት ወር ያህል የሚበልጠው ፍራንሲስ አድጎ ሕክምና ተምሮ ተመረቀ። ይሁን እንጂ ሥራውን ሳይሠራበት ወደ ዳውን ተመልሶ አባቱን በዕፀዋት ምርምር ይረዳ ጀመር፤ ዳርዊን በ1882 እስኪሞት ድረስም አብረው ሠሩ።