ቪቶሪዮ ሴላ፤ የበረዶ ተራሮች ምስክር

በአገራችን በረዶ ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው በክረምት ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮውን የሚያንኳኳው፣ ጥቂት ቆይቶም ቀልጦ የሚጠፋው ነው። በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ የሚኖረው የደጋ ሰው ደግሞ በበጋ ማለዳ ሣሩን የሚያነጣውንና ቡቃያውን የሚያቃጥለውን ውርጭ ያውቀዋል። ከዓመት እስከ ዓመት ሳይቀልጥ በተራራ ላይ የሚኖር በረዶ ግን ዛሬ በኢትዮጵያ ምድር የለም። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በነበረው ቀዝቃዛ ዘመን በሰሜን፣ በባሌና በአርሲ ከፍተኛ ተራሮች ላይ እንዲህ ያለ በረዶ እንደ ነበረ፣ በረዶው ገፍቶ የከመራቸው ድንጋዮች እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ።

ይህ ዓይነቱ በረዶ የበረዶ ግግር ይባላል። የአንዱ ዓመት አመዳይ ሳይቀልጥ የሌላው ዓመት እየተደረበበት፣ የታችኛው በላይኛው ክብደት እየተጨመቀ እንደ ድንጋይ የጠነከረ በረዶ ይሆናል። ይሁን እንጂ እንደ ድንጋይ ባለበት አይቀርም፤ በገዛ ክብደቱ እየተገፋ እንደ ዘገምተኛ ወንዝ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ይህን የበረዶ ወንዝ ከአውሮፓ እስከ እስያ፣ ከአሜሪካ እስከ አፍሪካ ተከትለው በመሄድ በፎቶግራፍ ያስቀሩልን ሰው ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ሴላ ናቸው። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቪቶሪዮ ሴላ በሰሜን ጣሊያን በአልፕስ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው በቢየላ ከተማ በነሐሴ ወር 1859 ተወለዱ። ቤተ ሰባቸው በሱፍ ጨርቅ ሥራ የታወቀ ነበር። አባታቸው ጁዜፔ ቬናንዚዮ ሴላ በ1856 በጣሊያንኛ ስለ ፎቶግራፍ ጥበብ የተጻፈውን የመጀመሪያውን ሰፊ መጽሐፍ ያሳተሙ ሲሆኑ፣ አጎታቸው ኩዊንቲኖ ሴላ ደግሞ የጣሊያን የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩና በ1863 የጣሊያንን የተራራ ወጪዎች ማኅበር የመሠረቱ ሰው ናቸው። እንግዲህ ወጣቱ ቪቶሪዮ የፎቶግራፍን ፍቅር ከአባታቸው፣ የተራራን ፍቅር ከአጎታቸው ወረሱ ማለት ይቻላል።

በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ማንሣት እንደ ዛሬው ቀላል አልነበረም። ምስሉ የሚቀረጸው በመድኃኒት በተቀባ መስታወት ላይ ሲሆን፣ በቀድሞው ዘዴ መስታወቱ በቦታው ተቀብቶ፣ እርጥበቱ ሳይደርቅ ምስሉ ተነሥቶ፣ ወዲያውም በጨለማ ድንኳን ውስጥ መታጠብ ነበረበት። ሴላ በ1879 የሃያ ዓመት ወጣት ሳሉ ይህን ሁሉ ዕቃ አስይዘው ከቢየላ በላይ ወዳለው ወደ ማርስ ተራራ ወጥተው ዙሪያውን አነሡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚያዝ ደረቅ መስታወት ሲገኝ ሥራቸው ቀለለላቸው። ቀለለ ስንል ግን በአነጋገር ብቻ ነው። የሚመርጡት መስታወት 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ትልቅ ስለ ነበረ፣ ካሜራው ብቻውን ወደ 18 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ እያንዳንዱም መስታወት ለብቻው ከባድ ነው። አንድ ሰው በገደል አፋፍ ቢያዳልጠው የሳምንታት ድካም ተሰብሮ ይቀራል። ሴላ ይህን እያወቁ ትልቁን መስታወት የመረጡት፣ የበረዶውን ስንጥቅና የዓለቱን መስመር አንድ በአንድ የሚያሳይ እርሱ በመሆኑ ነው።

ተራራ በመውጣትም ቢሆን ከማንም አያንሱም ነበር። በ1882 ማተርሆርን የተባለውን አስፈሪ ተራራ በክረምት በመውጣት የመጀመሪያው ሆኑ። ከዚያም በ1889፣ በ1890 እና በ1896 ወደ ካውካሰስ ተራሮች ተጓዙ። በዚያም የበረዶ ግግሮቹን ብቻ ሳይሆን የተራራውን ሕዝብ፣ ቤቱንና አለባበሱን አነሡ። በ1897 የአብሩዚ መስፍን ከሚባሉት ከሳቮያው ልዑል ሉዊጂ አሜዴዎ ጋር ወደ አላስካ ሄደው፣ 5,489 ሜትር ከፍታ ባለው በቅዱስ ኤልያስ ተራራ ጫፍ ከደረሱት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች መካከል ሆኑ። በ1899 ከእንግሊዛዊው ዳግላስ ፍሬሽፊልድ ጋር በዓለም በከፍታው ሦስተኛ የሆነውን የካንቼንጁንጋን ተራራ ዞሩ። በ1909 ደግሞ የሃምሳ ዓመት ሰው ሆነው ከመስፍኑ ጋር በዓለም ሁለተኛ ወደሆነው፣ 8,611 ሜትር ወደሚደርሰው ወደ ኬ ሁለት ተራራ ሄዱ። ጫፉ ላይ አልደረሱም። ይሁን እንጂ ሴላ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው በባልቶሮ የበረዶ ግግር ላይ ያነሧቸው ሥዕሎች ለኋለኞቹ ተራራ ወጪዎች መንገድ መፈለጊያ ሆኑ።

ከጉዞዎቻቸው ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ግን የ1906ቱ የአፍሪካ ጉዞ ነው፤ ምክንያቱም ከዓባይ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። ከእንጅባራ ብዙ በማይርቀው በሰከላ የሚገኘውን የግሽ ዓባይን ምንጭ ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ጎብኝተውታል። ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ የውጭ ሊቃውንት ግብፅን የሚያጥለቀልቀው ውኃ ከየት እንደሚመጣ ሲከራከሩ ኖረዋል። ከግሪክ ፈላስፎች አንዳንዶቹ ከሚቀልጥ በረዶ ነው ይሉ ነበር፤ የእስክንድርያው ሊቅ በጥሊሞስም የወንዙን መነሻ የጨረቃ ተራሮች ብሎ በጠራቸው በረዶ ለበስ ተራሮች ላይ አደረገው። በኢትዮጵያ የኖሩት የኢየሱሳውያን ካህናት ግን ዓይናቸው ያየውን ጻፉ፤ ጎርፉ የሚመጣው እኛ ዘንድ ከሚወርደው የክረምት ዝናብ መሆኑን ለአውሮፓ አስረዱ።

ቢሆንም የጥንቶቹ ወሬ ፈጽሞ መሠረት የሌለው አልነበረም። ከነጭ ዓባይ ምንጮች አንዱ በዛሬዎቹ ዩጋንዳና ኮንጎ ድንበር ላይ ከቆመው ከሩዌንዞሪ ተራራ ይመነጫል፤ ይህም ተራራ በምድር ወገብ አጠገብ ሆኖ በረዶ የለበሰ ነው። አብዛኛውን ቀን በጉም ተሸፍኖ ስለሚውል ብዙ መንገደኞች በግርጌው እያለፉ ሳያዩት ቀርተዋል። የአብሩዚው መስፍን ጓድ በሰኔ ወር 1906 ማርጌሪታ ወደተባለው፣ 5,109 ሜትር ወደሚደርሰው ጫፍ ወጣ፤ ሌሎቹንም ዋና ዋና ጫፎች ወጥቶ ለካ። ሴላም በዝናቡ፣ በጭቃውና በእርጥበቱ መካከል የጉሙን መገለጥ እየጠበቁ የበረዶ ግግሮቹን በየጫፉ አነሡ። ዕቃውን በረግረጉና በገደሉ ተሸክመው ያደረሱት የአገሩ ሰዎች ነበሩ፤ ስማቸው በካርታ ላይ ባይጻፍም ያለ እነርሱ ትከሻ አንዱም መስታወት ከዚያ አይደርስም ነበር።

የጉዞው መሪ መስፍን ከዓመታት በኋላ፣ በ1928 እና በ1929፣ ወደ አገራችን መጥተው የዋቢ ሸበሌን ወንዝ ከመነሻው ጀምረው ተከትለዋል። ሴላ ግን ከ1909 በኋላ እንዲህ ያለ ረጅም ጉዞ አላደረጉም፤ በቢየላ ሆነው ሥዕሎቻቸውን በማጠብና በማደራጀት ኖሩ። ፍቅራቸው ግን አልበረደም፤ የሰባ ስድስት ዓመት አዛውንት ሳሉ እንኳ ማተርሆርንን እንደገና ለመውጣት ተነሥተው፣ አንዱ መሪያቸው አደጋ ስለ ደረሰበት ተመለሱ። በነሐሴ ወር 1943 በተወለዱባት ከተማ ዐረፉ። ሥዕሎቻቸውም በስማቸው በተቋቋመው ድርጅት በቢየላ ተጠብቀው ይገኛሉ። ከዚያው ከቢየላ አካባቢ ከፖሎኔ የተወለዱት የሳሌዥያን ማኅበር ካህን አባ አልቤርቶ ደ አጎስቲኒም በደቡብ አሜሪካ ጫፍ የሚገኙትን የበረዶ ግግሮች በማንሣት ይታወቃሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ሴላ ሥዕሎቹን ሲያነሡ ያዩትን በትክክል ለማሳየት እንጂ ስለሚጠፋ ነገር ማስረጃ ለማቆየት አልነበረም። በዚያ ዘመን የበረዶው ተራራ እንደ ሰማይ ዘላለማዊ ይመስል ነበር። ዛሬ ግን የምድር ሙቀት በመጨመሩ ነገሩ ተለውጧል። በ1906 የሩዌንዞሪ በረዶ ከ6 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍን ነበር፤ በ2003 ሲለካ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም። ኤሚን፣ ጌሲና ሉዊጂ ዲ ሳቮያ በተባሉት ሦስት ተራሮች ላይ የነበረው በረዶ ፈጽሞ አልቋል። ሊቃውንት እንደሚሉት የወንዙን ውኃ የሚሞላው በተራራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ስለሆነ፣ የበረዶው ድርሻ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በተራራው ግርጌ ለሚኖሩት ለባኮንዞ ሕዝብ ያ በረዶ ከአባቶቻቸው ጀምሮ የተቀደሰ ሆኖ ሲታይ የኖረ ነው፤ ልጆቻቸው ላያዩት ይችላሉ።

እነዚህን ለውጦች ለማወቅ ከረዱት ማስረጃዎች መካከል የሴላ ሥዕሎች ዋነኞቹ ናቸው። የዛሬ ፎቶግራፍ አንሺዎች እርሳቸው በቆሙበት ድንጋይ ላይ ቆመው፣ ያንኑ አቅጣጫ አንሥተው ሁለቱን ያስተያያሉ። ይህ የሚቻለው ሴላ የት ቦታ፣ በየትኛው ዓመት፣ ወደየት ዞረው እንዳነሡ ስለሚታወቅ ነው። ቦታውና ጊዜው ያልታወቀ ሥዕል ምንም ቢያምር ሊመሰክር አይችልም።

ይህ ነገር ለእኛም ይጠቅመናል። በእኛ ተራሮች ላይ የሚቀልጥ በረዶ የለም፤ ነገር ግን የዘንገና ሐይቅ፣ በየቀበሌው ያሉት ምንጮች፣ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የቀሩት ጥንታዊ ዛፎች ትናንት እንደ ነበሩ ዛሬ አይደሉም። ምንጩ በበጋ እስከ የትኛው ወር ይፈስ እንደ ነበረ አረጋውያን ያውቃሉ፤ ካልተጠየቁና ካልተጻፈ ግን እውቀቱ ከእነርሱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ካቴኪስቶችና የትምህርት ቤት መምህራን ወጣቶቹን ይዘው የአካባቢያቸውን ምንጭና ዛፍ ቢያነሡ፣ በሥዕሉም ጀርባ የቦታውን ስም፣ ቀኑንና የቆሙበትን ስፍራ ቢጽፉ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጡት የልጅ ልጆቻችን በዚያው ስፍራ ቆመው ምን እንደቀረላቸውና ምን እንደጎደለባቸው ለማየት ይችላሉ።