ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እና ከሞጣ የሚመዘዘው የዘር ሐረጋቸው

በምሥራቅ ጎጃም ገጠር የዘር ሐረግ መቁጠር የማምሻ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በብቸናም ሆነ በሞጣ አንድ ገበሬ የመሬት ድርሻ ይገባኛል ብሎ ሲሟገት፣ ምድሩን ቀድሞ እስከያዘው አቅኚ አባት ድረስ ያለውን ትውልድ ስም በስም እየጠራ ማስረዳት ነበረበት። በዚህ ቆጠራ ውስጥ ደግሞ እናት ከአባት እኩል ትጠራለች። በሴት አያት ወይም በሴት ቅድመ አያት በኩል የመጣ ርስት በወንድ በኩል ከመጣው አያንስም ነበር። በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ እስኪታወጅ ድረስ ሐረጉን የማያውቅ ሰው ማሳውን ለመከላከል ይቸገር ነበር።

የጎጃም መኳንንትም የሚቆጥሩት በዚሁ ሥርዓት ነው። ገበሬው ቆጥሮ ማሳ ላይ ሲደርስ፣ እነርሱ ቆጥረው ዙፋን ላይ ይደርሳሉ። ከእነዚህ መኳንንት መካከል በቆጠራው እጅግ የተጠቀሙትና እጅግም የተፈተኑት፣ በልጅነት ስማቸው አዳል ተሰማ፣ በኋላ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ የተባሉት ተክለ ሃይማኖት ናቸው።

አዳል የተወለዱት በ1840 ዓ.ም ገደማ ነው። አባታቸው ተሰማ ጎሹ፣ አያታቸው ደግሞ ጎጃምንና ዳሞትን የገዙት ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ናቸው። የጎሹ አባት ደጃዝማች ዘውዴ በጦር ችሎታቸው ስም ያወጡ የዳሞት መስፍን እንጂ ከነገሥታት ወገን የሚቆጠሩ አልነበሩም። የአዳል ሐረግ በወንድ ብቻ ቢቆጠር ኖሮ ከዘውዴ ላይ በቆመ ነበር። ወደ ቤተ መንግሥት የሚወስደው መንገድ የሚከፈተው ዘውዴ ባገቧት ሴት በኩል ነው። የጎሹ እናት ድንቅነሽ ከታላቁ ራስ ኃይሉ ቤት የተወለዱ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት ያስፈልጋል። በጎጃም ታሪክ ኃይሉ የሚባሉ መሳፍንት ብዙ ናቸው። ይህ ራስ ኃይሉ እስከ 1787 ዓ.ም ድረስ የኖሩት የዮሴዴቅ ልጅ ናቸው እንጂ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይተው ጎጃምን የገዙት የተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ አይደሉም።

የቀድሞው ራስ ኃይሉ ክብርም በእናታቸው በኩል የመጣ ነው። እናታቸው ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ናቸው። ምንትዋብ የዐፄ በካፋ ሚስት ነበሩ። በካፋ በ1723 ዓ.ም ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ስለነበሩ ምንትዋብ ራሳቸው ዘውድ ደፍተው መንግሥቱን ይመሩ ጀመር። ከበካፋ ሞት በኋላ ከሟቹ ንጉሥ የእኅት ልጅ ከግራዝማች ኢያሱ ጋር ኖረው ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ከእነዚህ አንዷ አስቴር የትግሬውን ራስ ሚካኤል ስሑልን አገቡ። ሌላዋ ወለተ እስራኤል ወደ ጎጃም መጥተው የባላባቱ የደጃዝማች ዮሴዴቅ ሚስት ሆኑ። የወለተ እስራኤል አባት የበካፋ እኅት ልጅ በመሆናቸው፣ ሐረጉ በእርሳቸው በኩል እስከ ታላቁ ኢያሱ፣ ከዚያም ወደ ፋሲል ይወጣል። በዚህም ቆጠራ ውስጥ ዙፋኑን ከባላባቱ ጋር የምታገናኘው ሴት ልጅ ናት።

ወለተ እስራኤል ለጎጃም እንግዳ ሆነው አልቀሩም። በሞጣ የቅዱስ ጊዮርጊስን ደብር የተከሉ እርሳቸው ናቸው። ደብር መትከል በዚያ ዘመን ሕንፃ ማሠራት ብቻ አይደለም። ለካህናቱና ለመኳንንቱ መሬት ይደለደላል፣ ድልድሉም በደብሩ መጽሐፍ ይጻፋል፤ በዙሪያው ገበያና መንደር ይሰፋል። የሞጣ ከተማ ታሪክ ከዚህ ደብር ተለይቶ አይነገርም። በ1760ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ጎንደር በራስ ሚካኤል ስትታመስ እቴጌ ምንትዋብ የተሸሸጉት በዚሁ በጎጃም፣ በልጃቸው ወገን ዘንድ ነበር። በዚያው ሰሞን ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም ወለተ እስራኤልን በመጽሐፉ ይጠቅሳቸዋል።

እንግዲህ አዳል የወረሱት ስም ይህ ነበር። ስሙ ግን ከነጠላ ክብር በቀር ሌላ ሀብት ይዞ አልጠበቃቸውም። አያታቸው ጎሹ በኅዳር 1845 ዓ.ም በጉር አምባ ከካሣ ኃይሉ፣ ከኋለኛው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። አጎታቸው ብሩ ጎሹ በ1846 ዓ.ም ተማርከው 14 ዓመት በሰንሰለት ኖሩ፤ የተፈቱት መቅደላ በእንግሊዞች እጅ ስትወድቅ ነው። ጎጃም ግን ለቴዎድሮስ ሙሉ በሙሉ አልገዛም። ዛሬ ደብረ ማርቆስ የምንላትን መንቆረርን የመሠረቱት ተድላ ጓሉ አምባ ይዘው እስከ መጨረሻው አሻፈረኝ ብለዋል። ስለዚህ አዳል ወጣት ሲሆኑ ጎጃምን በእጃቸው ያደረጉት የተድላ ጓሉ ወገኖች ነበሩ።

ከዚህ ያወጣቸው አንድም ጋብቻ አንድም ሰይፍ ነው። ከቴዎድሮስ በኋላ የነገሡት የዋጉ ተክለ ጊዮርጊስ እኅታቸውን ወይዘሮ ላቀችን ዳሩላቸው። የዋግ ሹሞች ራሳቸውን ከዛጔ ነገሥታት ስለሚቆጥሩ፣ በዚህ ጋብቻ ሁለት የንጉሥ ዘሮች በአንድ ቤት ተገናኙ። አዳል ቀጥሎ የተድላ ጓሉን ልጅ ራስ ደስታን ድል አድርገው ጎጃምን ያዙ። ተክለ ጊዮርጊስ ወድቀው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሲነግሡም ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ገብተው ራስ ተባሉ። በጥር 1873 ዓ.ም ዮሐንስ ዘውድ ደፉላቸውና ስመ መንግሥታቸው ተክለ ሃይማኖት ሆነ። በመንቆረር የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ከተማዋን በታቦቱ ስም ያስጠሩትም እርሳቸው ናቸው።

ዐፄ ዮሐንስ ለምን አነገሧቸው? ዮሐንስ ራሳቸው የዙፋን መብታቸውን የሚቆጥሩት በሴት በኩል ስለነበር በእናት የመጣ ሐረግን ሊንቁ አይችሉም። ዋናው ምክንያት ግን ይህ አይመስለኝም። በደቡብ የሸዋው ምኒልክ ንጉሥ ነበሩ፤ ከጎናቸው ሌላ ንጉሥ ቢቆም ለንጉሠ ነገሥቱ ሚዛን ይጠብቃል። የዘር ሐረጉ ያን ውሳኔ ለሕዝብ የሚያስረዳ ማስረጃ ሆነ። በማዕረጉ ላይ የተጨመረው የከፋ ስም ግን ከዘር ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፤ የንግድ ጉዳይ ነው። ከአባይ ማዶ የሚመጣው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡናና ባሪያ በጎጃም በኩል፣ በባሶ ገበያ ያልፍ ነበር። ምኒልክም የሚሹት ይህንኑ ምድር ነው።

ሁለቱ ነገሥታት ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም ሆሮ ጉዱሩ ላይ በእምባቦ ተገናኙ። የሸዋ ጦር በራስ ጎበና ፈረሰኞች ድል አደረገ፤ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። ንጉሥ ከተባሉ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። ዐፄ ዮሐንስ ያለ ፈቃዳቸው የተዋጉትን ሁለቱንም ቀጡ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። ከአባይ ማዶ ያለው የደቡብ ምድርም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጎጃም እጅ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የመከራ ዘመን ነው። በጥር 1879 ዓ.ም ተክለ ሃይማኖት መተማ ወርደው የድርቡሽን ጦር መቱ። በዓመቱ፣ በጥር 1880 ዓ.ም፣ ድርቡሾች በአቡ አንጃ እየተመሩ ተመልሰው በሳር ውኃ የጎጃምን ጦር ሰበሩ፤ ጎንደርም ገብተው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠሉ። ተክለ ሃይማኖት በንጉሠ ነገሥቱ ርዳታ ማጣት ቅር ተሰኝተው ከምኒልክ ጋር መማከራቸው ተሰማ። ዮሐንስም በ1881 ዓ.ም መግቢያ በቁጣ ጎጃም ገቡ፤ ሠራዊታቸው አዝመራውን አወደመ፣ ከብቱን ነዳ፣ ቤቱን አቃጠለ። ይህ የሆነው የከብት እልቂቱና ረሃቡ፣ ክፉ ቀን የተባለው ዘመን፣ አገሩን በሚመታበት ዋዜማ ነው።

የንጉሥን ሕይወት የሚጽፉ ሰዎች ይህን ዘመቻ በነገሥታቱ ቅያሜ ያስረዱታል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን የዘውዱን ዋጋ የከፈለው ማን እንደነበር መታየት አለበት። በሐረግ ቆጠራው ውስጥ ስሙ የሌለው፣ የራሱን ሐረግ ለአንድ ጥማድ ማሳ የሚቆጥረው ገበሬ ነው በሬውንም ዘሩንም ያጣው። ተክለ ሃይማኖት በመጨረሻ ከዮሐንስ ጋር ታርቀው፣ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም መተማ ላይ ሲወድቁ ለምኒልክ ገቡ። በ1888 ዓ.ም ወደ ዐድዋ ጦራቸውን ይዘው ዘምተዋል። በእምባቦ የማረኳቸውን ንጉሠ ነገሥት ተከትለው መዝመታቸው ከንግሥናቸው ይልቅ ስማቸውን አስከብሮታል ብል አልሳሳትም።

በጥር 1893 ዓ.ም ዐረፉ። ምኒልክ ሌላ የጎጃም ንጉሥ አላነገሡም፤ ግዛቱንም ከፋፈሉት። የቤቱን የዘር ታሪክ ግን አንድ ሰው በጽሑፍ አስቀርቶታል። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ በልጅነታቸው ከአባይ ማዶ፣ ከኦሮሞ ምድር ተማርከው የመጡ፣ በጎጃም የተማሩ ሊቅና ሠዓሊ ነበሩ። የጎጃምን ትውልድ ከአባይ እስከ አባይ ቆጥረው የጻፉት እርሳቸው ናቸው። የጎጃምን ሐረግ ለጎጃም ያቆየው ከሌላ ሐረግ የመጣ ሰው መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የንጉሡ ልጅ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ የወለተ እስራኤልን መንገድ በተቃራኒ ሄዱበት። ወለተ እስራኤል ከቤተ መንግሥት ወደ ጎጃም ተድረው ነበር፤ ራስ ኃይሉ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለምኒልክ አልጋ ወራሽ ለልጅ ኢያሱ ዳሩ። ኢያሱ ከዙፋን ሲወርዱ ጋብቻው ሸክም ሆነ። በ1924 ዓ.ም ኢያሱ ከፍቼ እስር ሲያመልጡ ራስ ኃይሉ በማገዝ ተከሰው ታሰሩ፤ ጎጃምም ከተክለ ሃይማኖት ቤት ወጥቶ ለራስ እምሩ ተሰጠ።

ጣልያን ሲመጣ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ራስ ኃይሉ ከጠላት ጋር ሆኑ። የንጉሡ የልጅ ልጆች ልጅ ኃይሉ በለውና ነጋሽ በዛብህ ግን ጫካ ገብተው አርበኞችን መሩ። በብቸና በኩል ደግሞ ከመሳፍንት ሐረግ የማይቆጠሩት የባሻ ዘለቀ ልጅ በላይ ሕዝቡን አሰልፈው ጠላትን መውጫ መግቢያ አሳጡ፤ ከነፃነት በኋላም ደጃዝማች ተብለው ብቸናን እንዲገዙ ተሾሙ። ብዙም ሳይቆይ ከመንግሥት ጋር ተጣልተው ተያዙ። በጥር 1937 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ሲቀጡ፣ በዚያው ቀን አብረዋቸው የተሰቀሉት የራስ ኃይሉ ልጅ፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ፣ ልጅ ማሞ ኃይሉ ነበሩ።