አውጉስት ቮለር፤ የብረትን ድካም የቈጠረ መሐንዲስ

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በሚያከብርበት በዚህ ጊዜ ስለ ዕድሜ ማሰብ የተገባ ነው። ሰው ዕድሜውን በዓመት ይቈጥራል፤ ትምህርት ቤትም እንደዚሁ። የብረት ዕድሜ ግን በዓመት ብቻ አይቈጠርም። በደረቅ መጋዘን ውስጥ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ብረት ዝገት ካላገኘው ብዙ ዘመን ቢቈይም ጕልበቱ አይጐድልበትም፤ ሌት ተቀን ሲጐብጥና ሲቃና የሚውል ብረት ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ሳይታሰብ ሊሰበር ይችላል። ይህን ነገር በሥራ ፈትኖ፥ በቍጥር አረጋግጦ ለዓለም ያስረዳው ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ነው። ስሙ በመሐንዲሶች ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው፤ ከእነርሱ ውጭ ያለውም ሰው በባቡር ሲሄድና በአውሮፕላን ሲበር ሳያውቀው የድካሙ ተካፋይ ነው። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ለአንባቢያን ለማቅረብ ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩን ፍሬ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ሰው ወፍራም ሽቦ ይዞ በእጁ ጐትቶ ለመበጠስ ቢሞክር አይሳካለትም። ያንኑ ሽቦ ግን ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ቢያጣጥፈው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይሰበርለታል። ታላቅ ኃይል ያልቻለውን ነገር ትንሽ ኃይል በመደጋገም ቻለው ማለት ነው። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፥ መልካም ነገር ቀስ በቀስ እንደሚመጣ ሁሉ ጥፋትም እንዲሁ ቀስ በቀስ ይመጣል። መሐንዲሶች ይህን የብረት ድካም ብለው ይጠሩታል።

አውጉስት ቮለር በሐኖቨር መንግሥት ውስጥ በምትገኘው ዞልታው በምትባል ትንሽ ከተማ ሰኔ 22 ቀን 1819 ተወለደ። አባቱ መምህር ነበሩ። ልጁ በሒሳብ ትምህርት ብልህ ሆኖ ስለ ተገኘ የትምህርት ርዳታ ተሰጥቶት በሐኖቨር ከተማ ወደሚገኘው ከፍተኛ የሙያ ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ በበርሊን ባቡር ይሠራ በነበረው በቦርዚግ ፋብሪካ ተቀጥሮ ሥራ ለመደ። ቀጥሎም ወደ ቤልጅግ ሄዶ የባቡር አነዳድ ተማረ። የተማረ መሐንዲስ ሆኖ ሳለ ከእሳቱና ከጥላሸቱ አጠገብ ቆሞ ባቡር መንዳትን አልናቀም። ኋላ ለሠራው ታላቅ ሥራ መሠረት የሆነውም ይኸው በእጅ የመሥራት ልማዱ ነበር።

በዚያን ዘመን የምድር ባቡር በአውሮፓ አገሮች በፍጥነት ይስፋፋ ነበር። ነገር ግን ከደስታው ጋር ሐዘንም መጣ። በግንቦት 8 ቀን 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ብዙ ሕዝብ አሳፍሮ ይጓዝ የነበረ ባቡር ሜዶን በተባለ ስፍራ አደጋ ደረሰበት። ፊት ለፊት ይስብ የነበረው ሞተር የመንኰራኩሩ ዘንግ ተሰበረ፤ ሞተሩ ወደቀ፤ ሠረገሎቹም በላዩ ላይ ተከምረው በእሳት ተያያዙ። የሠረገሎቹ በሮች እንደ ጊዜው ልማድ ከውጭ ተቈልፈው ስለ ነበረ ተሳፋሪዎቹ መውጣት አልቻሉም። ከ50 በላይ ሰዎች በዚያው ሞቱ። ከሟቾቹም መካከል ዓለምን በመርከብ የዞረው ታዋቂው ፈረንሳዊ ዱሞን ዲዩርቪል ከባለቤቱና ከልጁ ጋር ይገኝበታል።

ከዚህ በኋላ የብረት ዘንግ ስለ ምን እንደሚሰበር ብዙ ክርክር ተነሣ። ዘንጉ ሲሠራ ጠንካራ ነበር፤ ሸክሙም ከአቅሙ በታች ነበር፤ ሆኖም ከጊዜ በኋላ አንድ ቀን ድንገት ይሰበራል። ስብራቱን ያዩ ብዙ ሰዎች ብረቱ ከመንቀጥቀጥ ብዛት የተነሣ ባሕርዩ ተለውጦ እንደ ጨው ድንጋይ ፍርክስ የሚል ሆነ ብለው ያምኑ ነበር። ይህ አሳብ ግን ስሕተት ነበር። የብረቱ ባሕርይ አልተለወጠም፤ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት እያደገ ይሄድ ነበር እንጂ።

ቮለር በ1847 ከበርሊን እስከ ብሬስላው ይደርስ በነበረው የታችኛው ሲሌዝያና የብራንደንቡርግ ምድር ባቡር የሞተሮችና የሠረገሎች ዋና ኀላፊ ሆኖ ተሾመ። የሥራው ስፍራ በኦደር ወንዝ ዳር ባለችው በፍራንክፈርት ነበር። ዘንግ ቢሰበር የሚጠየቀው እርሱ ነበርና ነገሩ ዕረፍት ነሣው። ይሁን እንጂ ከተከራካሪዎቹ ጋር በአሳብ ከመሟገት ይልቅ መለካት ይሻላል ብሎ ቈረጠ።

መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ ዘንጉ በጕዞ ላይ ሳለ በእውነቱ ምን ያህል ኃይል ይደርስበታል የሚል ነበር። ሸክም የተጫነበት ዘንግ ጥቂት ይጐብጣል። መንኰራኩሩ ሲዞር ግን ላይ የነበረው የዘንጉ ጐን ወደ ታች፥ ታች የነበረውም ወደ ላይ ይገለበጣል። ስለዚህ ዘንጉ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ወዲያ፥ አንድ ጊዜ ወዲህ እንደ ታጠፈ ሽቦ ነው። የመንኰራኩሩ ወርድ አንድ ሜትር ቢሆን በአንድ ኪሎ ሜትር ጕዞ ከ300 ጊዜ በላይ ይታጠፋል። ቮለር የመጕበጡን መጠን የሚመዘግብ መሣሪያ ራሱ ፈልስፎ ከዘንጉ ጋር አያያዘውና ሠረገሎቹን 22,000 ኪሎ ሜትር ያህል አስኬዳቸው። በዚህ ዓይነት የሸክሙን ልክ ከግምት አውጥቶ ወደ ቍጥር አመጣው። የምርመራውንም ውጤት በ1858 እና በ1860 አሳትሞ አወጣ።

ሁለተኛው ጥያቄ ብረቱ ይህን ሸክም ስንት ጊዜ ሊችል ይችላል የሚል ነበር። ለዚህም ሌላ መሣሪያ ሠራ። የሚዞር ወፍራም ዘንግ አቁሞ በጫፍና በጫፉ ለፈተና የሚሆኑ ብረቶችን ተከለባቸው፤ ብረቶቹንም በሞላ እየሳበ አጐበጣቸው። መሣሪያው ሲዞር ብረቱ በየዙሩ ይታጠፋል፤ ቈጣሪውም ዙሩን ይቈጥራል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው መጠበቅ ብቻ ነበር።

ከመዘገባቸው ቍጥሮች አንዳንዶቹን ማየት ይጠቅማል። ፎኒክስ በተባለው ፋብሪካ ከተሠራ ብረት በተወሰዱ ዘንጎች ላይ በጊዜው በነበረው የፕሩሲያ መለኪያ 320 የሚሆን ኃይል ሲደርስ ብረቱ ከ56,430 ዙር በኋላ ተሰበረ። ኃይሉ ወደ 240 ዝቅ ሲል 909,810 ዙር ቈየ። ወደ 180 ሲወርድ 19,186,791 ዙር ቻለ። ወደ 160፥ ማለት ከመጀመሪያው ወደ ግማሽ ሲወርድ ግን 132,250,000 ዙር ዞሮ ሳይሰበር ቀረ። ሸክሙ በግማሽ ቢቀንስ ዕድሜው ከ2,300 እጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። በየሰከንዱ አንድ ጊዜ የሚዞር መሣሪያ ይህን ያህል ዙር ለመዞር ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የቮለር ትዕግሥት ምን ያህል እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ከዚህም ድካም ሦስት ታላላቅ ትምህርቶች ተገኙ። አንደኛ፥ ብረት በአንድ ጊዜ ሊሰብረው ከሚችለው ኃይል እጅግ ባነሰ ኃይል በመደጋገም ብዛት ሊሰበር ይችላል። ሁለተኛ፥ ዕድሜውን የሚወስነው የሸክሙ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን በትልቁና በትንሹ ሸክም መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስተኛ፥ በእንዲህ ያለው ብረት ላይ ኃይሉ ከአንድ ወሰን በታች ከሆነ ብረቱ ሳይሰበር ብዙ ሚሊዮን ዙር ይኖራል። ደግሞም ዘንጉ ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚለወጥበት ቦታ በስለት ተቈርጦ የቀረ እንደ ሆነ ስብራቱ ከዚያ እንደሚጀምር፥ ማዕዘኑ ቢለሰልስና ክብ ቢሆን ግን እንደሚጠነክር አሳየ።

ቮለር የሥራውን ጠቅላላ ውጤት በ1870 አሳተመ። ያገኘውን ቍጥር በሠንጠረዥ ብቻ አቀረበው እንጂ በሥዕል አላሳየውም። ኋላ ሌሎች ሊቃውንት ቍጥሮቹን በመስመር ሥለው ስላሳዩ መስመሩ እስከ ዛሬ የቮለር መስመር ይባላል። እርሱ ግን በ1874 በስትራስቡርግ ከተማ በአልሳስና በሎሬን ምድር ባቡር አስተዳደር ተሹሞ እስከ 1889 አገለገለ። በዚህም ጊዜ ሁሉ ብረት ከፋብሪካ ሲወጣ ጥራቱን የሚመረምር የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲቋቋም ይመክር ነበር። ከሥራ ከወጣ በኋላ ወደ ሐኖቨር ተመለሰ። በዚያም መጋቢት 21 ቀን 1914 በ94 ዓመቱ ዐረፈ።

እርሱ የጀመረው ሥራ ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። የቮለር ፈተና ኃይሉ ዘወትር እኩል ለሆነበት ብረት የሚያገለግል ነበር፤ በእውነተኛ ሥራ ላይ ግን ሸክሙ አንዴ ይበዛል፥ አንዴ ያንሳል። ስለዚህ በ1924 ፓልምግሬን የተባለ ስዊድናዊ፥ በ1945 ደግሞ ማይነር የተባለ አሜሪካዊ ለዚህ የሚሆን ቀላል ሒሳብ አወጡ። አንድ ዓይነት ሸክም ብረቱን የሚሰብረው በ1,000 ጊዜ ቢሆንና 200 ጊዜ ቢደርስበት ከዕድሜው አምስተኛውን በላ ማለት ነው። የሌላውም ሸክም ድርሻ እንዲሁ ተሰልቶ ይደመራል። ድምሩ አንድ ሲሞላ ዕድሜው አለቀ ይባላል።

ይህ ሒሳብ ዛሬ ለአሮጌ የአቶም ኃይል ማመንጫዎችም ያስፈልጋል። በዩናይትድ ስቴትስ በ1954 የወጣው ሕግ ለአንድ ማመንጫ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ከ40 ዓመት እንዳይበልጥ ወሰነ። ይህ ቍጥር የብረቱን ዕድሜ በመመርመር የተገኘ ሳይሆን ከገንዘብና ከንግድ ውድድር አንጻር የተመረጠ ነበር። ፈቃዱ ሊታደስ ይችላል፤ በማርች 2000 በሜሪላንድ የሚገኘው ካልቨርት ክሊፍስ የተጨማሪ 20 ዓመት ፈቃድ በማግኘት የመጀመሪያው ሆነ። ነገር ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ሁሉ ብረቱ ለተጨማሪው ዘመን እንደሚበቃ ማስረዳት አለበት።

በማመንጫው ውስጥ የሚዞር ዘንግ ብቻ አይደለም የሚደክመው። ቧንቧውና ሪአክተሩን የያዘው ወፍራም የብረት ጋን ቆመው ሳሉ ይደክማሉ። የሚያደክማቸው ሙቀትና ግፊት ነው። ማመንጫው ሲነሣ ውሃው እስከ 300 ዲግሪ ያህል ይግላል፤ ሲቆም ይቀዘቅዛል። የብረቱ ውስጠኛ ጐን ቀድሞ ሲግል ውጭኛው ገና ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ብረቱ ራሱን በራሱ ይጐትታል። በአንዳንድ ቧንቧ ውስጥ ደግሞ ትኩሱ ውሃ ከላይ፥ ቀዝቀዝ ያለው ከታች ተኝቶ ቧንቧውን ያጐብጠዋል። በመጀመሪያው ዕቅድ ያልታሰበው ይህ ነገር በ1988 የአሜሪካ ተቈጣጣሪዎች ማመንጫዎቹ ሁሉ እንዲመረምሩት አዘዙ። ከዚህም ሌላ የብረት ዕድሜ በትኩስ የሪአክተር ውሃ ውስጥ በአየር ላይ ከሚኖረው እንደሚያጥር በቤተ ሙከራ ተረጋገጠ።

ስለዚህ ጠባቂዎቹ የቮለርን ሥራ ይሠራሉ። በብዙ ማመንጫዎች ዕቅድ ማሞቅና ማቀዝቀዝ በ40 ዓመት ውስጥ 200 ጊዜ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ በእውነቱ ስንት ጊዜ እንደ ሆነ ከመዝገብ ይቈጠራል። በቧንቧዎቹ ላይ የሙቀት መለኪያ ይታሰራል፤ የእያንዳንዱም ለውጥ ድርሻ ይደመራል። ድምሩ ወደ አንድ ሲጠጋ ሒሳቡ እንደ ገና በጥንቃቄ ይሠራል፤ አለዚያም ብረቱ ለስንጥቅ ይመረመራል፥ ይጠገናል፥ ወይም ይለወጣል። መዝገቡ ካልታመነ ግን ሒሳቡ ሁሉ ከንቱ ነው። አንድ ቀን ሳይጻፍ የቀረ የሙቀት ለውጥ ከወረቀቱ ላይ ቢጠፋም ከብረቱ ላይ አይጠፋም።

ከቮለር ሕይወት እኛ ተማሪዎች የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው። እርሱ በክርክር ጊዜ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ቈጠረ፥ ለካ፥ ጻፈ፥ ጠበቀ። ሜዶን ላይ የተቃጠሉትን ሰዎች ሊመልሳቸው አልቻለም፤ ከእነርሱ በኋላ የተሳፈሩት ስንቶች በሰላም ቤታቸው እንደ ገቡ ግን ማንም ሊቈጥረው አይችልም። በየቀኑ የምናደርገው ጥቂት ትጋት፥ እንዲሁም ጥቂት ቸልተኝነት፥ ባይታየንም በውስጣችን ይደመራል። በመጭዎቹ ዓመታት ከዚህ ትምህርት ቤት የሚወጡ መሐንዲሶች፥ ሐኪሞችና መምህራን ሁሉ መዝገባቸው የታመነ ይሁን እያልን ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ እንመኛለን።