ሐኪሞችን ያፈሩት ሐኪም፦ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ

ሐኪሞቿን ሁሉ በባሕር ማዶ የምታስተምር አገር ሕዝቧን በበቂ ልታክም አትችልም። ወደ ውጭ የሚላከው ተማሪ ጥቂት ነው፤ ከሄደውም ሁሉ አይመለስም፤ የተመለሰውም ቢሆን ሙያውን የቀሰመው በሌላ አገር ሕሙማን አልጋ አጠገብ ነው። ይህን ተገንዝበው የሕክምና ትምህርት በአገር ውስጥ ሥር እንዲሰድ ከደከሙት ኢትዮጵያውያን መካከል ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ፕሮፌሰር አሥራት በ1920 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። ገና በሕፃንነታቸው፣ በ1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች በከተማዋ ሕዝብ ላይ ግፍ በፈጸሙበት ወቅት አባታቸው ተገደሉ። ከነፃነት በኋላ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በእስክንድርያ በቪክቶሪያ ኮሌጅ ተምረው፣ የሕክምና ትምህርታቸውን በኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ ፈጸሙ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ካገለገሉ በኋላም ዳግመኛ ወደ ስኮትላንድ ሄደው በቀዶ ሕክምና ሠለጠኑ፤ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታልም ብዙ ሕሙማንን አከሙ።

በ1950ዎቹ ዓመታት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ፤ በዲንነትና በቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰርነትም አገለገሉ። የቀዶ ሕክምና ትምህርት ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ተማሪው መጀመሪያ ያያል፣ ቀጥሎ ይረዳል፣ በመጨረሻም በመምህሩ ዓይን ሥር በገዛ እጁ ይሠራል። በአገር ውስጥ መማር ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ለምሳሌ በበለጸጉት አገሮች የልብ ሕመም በብዛት የሚታየው ልብን የሚመግቡ የደም ሥሮች በጠበቡባቸው በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ነው። በኢትዮጵያ ግን በጊዜው ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሩማቲክ ትኩሳት እያስከተለ የሕፃናቱንና የወጣቶቹን የልብ ቫልቮች ያበላሻል። ይህን ልዩነት ጠንቅቆ የሚያውቀው በአገሩ ሕሙማን መካከል ያደገ ሐኪም ነው።

የኋለኛው ዘመናቸው በፖለቲካ ትግል ያለፈ ነው። በሰኔ 1983 ዓ.ም. በተደረገው ጉባኤ ዩኒቨርሲቲውን ወክለው በመገኘት ቻርተሩን ተቃወሙ፤ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተውን የመላው ዐማራ ሕዝብ ድርጅት በሊቀ መንበርነት መሩ። በ1985 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው ከተሰናበቱት ከ40 የሚበልጡ መምህራን አንዱ ሆኑ፤ በ1986 ዓ.ም. ታሰሩ። በእስር ላይ ሳሉ የልብ ሕመም ጸናባቸው። በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ተፈትተው ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ቢሄዱም፣ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ በ70 ዓመታቸው ዐረፉ።

በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ የተሟላ የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል አልነበራትም። ብዙ ሐኪሞችን ያስተማሩት ሰው ለገዛ ልባቸው ፈውስ ፍለጋ ባሕር መሻገር ግድ ሆነባቸው። በበጎ አድራጎት የተሠራው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የተከፈተው ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2001 ዓ.ም. ነው። ማዕከል ለመሥራት ሕንፃና መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እነዚህ ገንዘብ ሲገኝ በጥቂት ዓመታት ይሟላሉ። በመሣሪያው የሚሠራው ሐኪም ግን በአንድ ትውልድ ትጋት የሚገኝ ነው፤ ፕሮፌሰር አሥራት ቀድመው የጀመሩትም ይህንኑ ረጅሙን ሥራ ነበር።