ሁለት ጊዜ የተሰረቀው ሽጉጥ፤ የቴዎዶር ሩዝቬልት ሕይወት

አንድ አሮጌ የጦር ሜዳ ሽጉጥ ስንት ያወጣል? ከአባት የተወረሰ መሣሪያ ከሣጥን በወጣ ቁጥር ይህ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ብረቱ ቢመዘን አንድ ኪሎ ያህል ነው፤ የእጀታው እንጨት ለማገዶ እንኳ አይበቃም። ሆኖም ከአንድ ፋብሪካ ከወጡ ሁለት ተመሳሳይ ሽጉጦች አንዱ በርካሽ ሲሸጥ፥ ሌላው በገንዘብ የማይተመን ቅርስ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ምክንያቱን ለመረዳት የአሜሪካ ሃያ ስድስተኛ ፕሬዚዳንት የነበሩትን የቴዎዶር ሩዝቬልትን ሕይወትና በእጃቸው የነበረውን ስድስት ጎራሽ ኮልት አጣምሮ መመልከት ይበቃል።

ሩዝቬልት በኦክቶበር 27 ቀን 1858 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው። በልጅነታቸው የአስም በሽታ ሌሊት እንቅልፍ፥ ቀን ትንፋሽ ይነሣቸው ነበር። አባታቸው ያለ ሰውነት ብርታት አእምሮ ብቻውን ሩቅ እንደማይሄድ ስለ መከሩዋቸው፥ በስፖርት እየደከሙ አካላቸውን ገነቡ። በ1880 ዓ.ም. ከሃርቫርድ ተመረቁ፤ በሃያ ሦስት ዓመታቸውም ለኒው ዮርክ ግዛት ምክር ቤት ተመረጡ። ነገር ግን በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1884 ዓ.ም. እናታቸውና ባለቤታቸው በአንድ ቀን፥ በአንድ ቤት ውስጥ ሞቱባቸው። ኀዘኑ ከከተማ አስወጥቶ ወደ ዳኮታ ሜዳ ወሰዳቸው፤ በዚያም ከብት እያረቡና ፈረስ እየጋለቡ ተጽናኑ።

ወደ መንግሥት ሥራ ከተመለሱ በኋላ በ1895 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ፖሊስ ኮሚሽነሮች ጉባኤ ሊቀ መንበር ሆኑ። ፖሊሶቹ ይይዙት የነበረው ሽጉጥ ልዩ ልዩ ስለ ነበረ፥ ሁሉም አንድ ዓይነት ኮልት እንዲይዙና የኢላማ ትምህርት እንዲሰጣቸው አደረጉ። በ1897 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ኃይል ረዳት ሚኒስትር ሆነው ወደ ዋሽንግተን ተዛወሩ።

የሽጉጡ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1898 ዓ.ም. ሜይን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ በሃቫና ወደብ ፈንድታ ሰጠመች፤ ከ260 በላይ ሰዎችም አለቁ። ጋዜጦቹ ጥፋቱን በእስፓኝ ላይ ጣሉ፤ ሩዝቬልትም ጦርነት ይታወጅ ከሚሉት መካከል ግንባር ቀደም ነበሩ። ከመርከቢቱ ስብርባሪ ከወጡት ዕቃዎች አንዱ የባሕር ኃይል ኮልት ሽጉጥ ነበር። ይህንንም የእኅታቸው ባል የሆኑት የባሕር ኃይል መኮንን ዊልያም ካውልስ ለሩዝቬልት ሰጧቸው። እርሳቸውም ሥልጣናቸውን ለቀው ከሌናርድ ዉድ ጋር የበጎ ፈቃድ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር አቋቋሙ፤ ሽጉጡንም ታጥቀው ወደ ኩባ ዘመቱ። በጁላይ 1 ቀን 1898 ዓ.ም. በሳን ህዋን ኮረብቶች በተደረገው ውጊያ ሁለት የእስፓኝ ወታደሮች ከምሽግ ወጥተው በተኮሱባቸው ጊዜ፥ አንደኛውን ሲስቱ ሁለተኛውን በዚሁ ሽጉጥ እንደ ገደሉ ራሳቸው ጽፈዋል።

አሮጌ መሣሪያን የሚያውቅ ሰው ይህን ሽጉጥ ቢሰጡት በቅደም ተከተል ይመረምረዋል። መጀመሪያ ዓይነቱን ይለያል፤ የ1892 ሞዴል የሚባለው ባለ 38 ካሊበር ኮልት ሲሆን፥ ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍሉ በግራ ጎን ወጥቶ ይከፈታል። እንዲህ ባሉ ሽጉጦች በርሜል ላይ የተቀረጹት ዓመታት ብዙ ሰው ያሳስታሉ፤ የፈጠራው መብት የተሰጠባቸው እንጂ መሣሪያው የተሠራባቸው ዘመናት አይደሉምና። የተሠራበትን ጊዜ ለማወቅ መለያ ቁጥሩን ይዞ የፋብሪካውን መዝገብ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የሩዝቬልት ሽጉጥ ቁጥር 16,334 ነው። ቀጥሎ ብረቱ ተፍቆ ወይም እንደገና ተቀልሞ እንደሆነ ያያል። አሮጌ መሣሪያን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ የሚያብለጨልጭ ሰው ያሳመረ ይመስለዋል እንጂ ዋጋውን በገዛ እጁ ያወርደዋል፤ ከጥንቱ ቀለም ጋር ምስክሩም ይጠፋልና።

በመጨረሻ የሚጠየቀው የማን እንደ ነበረ ነው። በዚህ ሽጉጥ በአንዱ ጎን ከሰጠመችው ከሜይን መርከብ የተገኘ መሆኑ፥ በሌላው ጎን ኮሎኔል ሩዝቬልት በሳን ህዋን ይዘው የተዋጉበት መሆኑ ተቀርጿል። ጽሑፍ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ማንኛውም ቅርጽ አውጪ በፈለገው ቀን ሊቀርጸው ይችላል። ቁጥሩ፥ መዝገቡና ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት ታሪክ ሲስማሙ ነው ነገሩ የሚጸናው።

ከጦርነቱ በኋላ ሩዝቬልት የኒው ዮርክ አገረ ገዥ፥ ከዚያም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በሴፕቴምበር 1901 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ማኪንሊ በሽጉጥ ተመትተው በሞቱ ጊዜ በአርባ ሁለት ዓመታቸው ሥልጣኑን ያዙ። በ1903 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነርን ወደ አዲስ አበባ ልከው ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የመጀመሪያውን የንግድ ውል የተዋዋሉት እርሳቸው ናቸው። ሩሲያንና ጃፓንን ስላስታረቁም በ1906 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። በ1912 ዓ.ም. እንደገና ለምርጫ ሲወዳደሩ በሚልዎኪ ከተማ አንድ ሰው በኮልት ሽጉጥ ደረታቸውን መታቸው። ጥይቱ በኪሳቸው የነበረውን ወፍራም የንግግር ወረቀትና የመነጽር ቤት በስቶ ስለ ገባ ኃይሉ ደከመ፤ እርሳቸውም ደማቸው እየፈሰሰ ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገሩ። በጃንዋሪ 6 ቀን 1919 ዓ.ም. ሳጋሞር ሂል በተባለው ቤታቸው ሲሞቱ ጥይቱ ገና በሰውነታቸው ውስጥ ነበር።

ቤታቸው ሙዚየም ሆኖ ሽጉጡ ለሕዝብ ሲታይ በ1963 ዓ.ም. ተሰረቀና ወዲያው በአቅራቢያው ካለ ጫካ ተገኘ። በ1990 ዓ.ም. እንደገና ተሰረቀ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ጠፍቶ ከቆየ በኋላ በ2006 ዓ.ም. ከፍሎሪዳ ተገኝቶ ተመለሰ። ባለሙያዎች በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ገምተውታል። ታሪክ የሌለው የዚያው ሞዴል ሽጉጥ ግን ከዚህ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይገዛል።

እንግዲህ ብረቱን ያስወደደው ስም ነው። ስሙስ በትክክል ተመዝኗልን? በ1976 ዓ.ም. በአሜሪካው አድሚራል ሪኮቨር መሪነት የተደረገው ጥናት ሜይንን ያፈነዳት ከውስጧ የተነሣ እሳት ሳይሆን አይቀርም ብሏል፤ ጦርነቱ ግን አስቀድሞ ብዙ ሰው ፈጅቷል። በኮረብቶቹ ላይ ከሩዝቬልት ጋር የዘጠነኛውና የአሥረኛው ፈረሰኛ ጦር ጥቁር ወታደሮች ጎን ለጎን ተዋግተዋል፤ ዝናው ግን በአብዛኛው ለአንድ ሰው ሆነ። ይባስ ብሎ በ1906 ዓ.ም. በብራውንስቪል ከተማ በተነሣ ተኩስ ሰበብ ሩዝቬልት 167 ጥቁር ወታደሮችን ያለ ፍርድ፥ ያለ ክብር ከጦር ሠራዊት አባረሩ፤ የነዚህ ሰዎች ንጽሕና የታወቀው በ1972 ዓ.ም. ነው።

ይህን መናገር በሽተኛ ሕፃን ሳሉ ራሳቸውን ለታላቅ ሥራ ያበቁትን ሰው ማዋረድ አይደለም። የታላላቅ ሰዎች ሕይወትም እንደ አሮጌ ሽጉጥ ነው። ዝገቱን ፈግፍጎ ሊያብለጨልጨው የሚነሣ ሰው ምስክሩን ያጠፋል። ከነምልክቱና ከነጠባሳው የሚጠብቀው ግን እውነተኛ ዋጋውን ለልጅ ልጅ ያስተላልፋል።