ኤዶዋርዶ ባሲኒ

ኤዶዋርዶ ባሲኒ (1844 – 1924 እ.ኤ.አ.) የጣልያን ቀዶ ሐኪም ነበር። በተለምዶ ቡአ የሚባለውን የብሽሽት ኸርኒያ ለመጠገን ባወጣው የቀዶ ሕክምና ዘዴ ይታወቃል።

ባሲኒ በሰሜን ጣልያን በፓቪያ ከተማ ተወለደ። በ1866 እ.ኤ.አ. በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ ሮምን ከጳጳሱ አገዛዝ ለማላቀቅ ከተነሡት የጋሪባልዲ ወዶ ዘማቾች ጋር ተሰለፈ። በጥቅምት 1867 እ.ኤ.አ. ሮም አጠገብ በቪላ ግሎሪ በተደረገው ውጊያ ብሽሽቱን በሳንጃ ተወግቶ ተማረከ። ሳንጃው አንጀቱን ስለነካው ከቁስሉ ዓይነ ምድር ይወጣ ነበር። በኋላ ዕድሜውን የሰጠው ለዚያው የሰውነት ክፍል መሆኑ ያስገርማል።

ካገገመ በኋላ በቪየና፣ በበርሊንና በለንደን ትምህርቱን ቀጠለ፤ ቁስልን ከተሕዋስያን የሚጠብቀውን የሊስተርን ዘዴም ቀሰመ። ከ1882 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ።

በዚያ ዘመን የኸርኒያ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልኩን ቀበቶ ታጥቆ ይኖር ነበር። ሐኪሞች የወጣውን ከረጢት ቆርጠው ቀዳዳውን ከላይ ቢሰፉትም ሕመሙ ተመልሶ ይመጣል፤ አንጀት ታንቆ የሚሞተውም ብዙ ነበር። ባሲኒ ከረጢቱ የሚወጣው ከኋላ ያለው ግድግዳ ስለላላ መሆኑን ተረዳ። ስለዚህ የብሽሽቱን ቦይ እስከ ውስጠኛው ሽፋን ድረስ ከፍቶ፣ የዘር ገመዱን ወደ ጎን አድርጎ፣ ሦስቱን የውስጥ ንብርብሮች በአንድነት ከብሽሽቱ ጅማት ጋር በሐር ክር ሰፋ። ይህን በ1884 እ.ኤ.አ. ጀመረ፤ በ1889 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የ262 ቀዶ ሕክምናዎችን ውጤት አቀረበ። ሕመምተኞቹን ከሆስፒታል ከወጡም በኋላ መከታተሉ በጊዜው ያልተለመደ ነበር።

ዘዴው በዓለም ተዛመተ። ሆኖም ብዙ ሐኪሞች ውስጠኛውን ሽፋን መክፈት ትተው የላይኛውን ብቻ ስለሰፉ ውጤታቸው የእርሱን ያህል አላማረም። በ1904 እ.ኤ.አ. የጣልያን መንግሥት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ በ1924 እ.ኤ.አ. ቬሮና አጠገብ በቪጋዚዮ ሞተ።

በዘዴው ያልተፈታ አንድ ችግር ቀርቶ ነበር፤ ተራርቆ የነበረው ሥጋ በክር ተስቦ ስለሚገጣጠም ስፌቱ ይወጠራል፤ ያማል፤ አንዳንዴም ይቀደዳል። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካዊው ፍራንሲስ አሸር ከፕላስቲክ ክር የተሠራ መረብ ለዚህ ሥራ አዋለ። በ1980ዎቹ ደግሞ ኧርቪንግ ሊክተንስታይን ሥጋውን ሳይስብ በመረብ ብቻ መሸፈንን አስፋፋ። በዚህ ዘዴ የመረቡ የታች ጠርዝ የሚሰፋው ባሲኒ ይሰፋበት በነበረው በዚያው ጅማት ላይ ነው።