የአይጧ ሰዓት የት ነው? የከርት ሪክተር የሕይወት ጉዞ

አይጥ ሰዓት አታስርም። ግን መቼ መሮጥ፣ መቼ መተኛት እንዳለባት አይጠፋትም። ይቺን ቀላል የምትመስል ነገር ዕድሜ ልኩን ሲከታተል የኖረ ሰው አለ፤ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ከርት ሪክተር።

ሪክተር እ.ኤ.አ. በ1894 በዴንቨር፣ ኮሎራዶ ከጀርመናውያን ስደተኞች ተወለደ። መጀመሪያ ያሰበው መሐንዲስ ለመሆን ነበር፤ ለዚህም ጀርመን፣ ድሬስደን ድረስ ሄዶ ተምሯል። በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። በሃርቫርድ ተምሮ፣ በ1921 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን አገኘ። ከዚያ ግቢ አልወጣም፤ ከስድሳ ዓመት በላይ እዚያው ሠራ።

የምህንድስናው ትምህርት ግን እንዲሁ አልቀረም። ሪክተር አይጦቹን የሚሽከረከር መንኮራኩር ካለው ሳጥን እያስገባ፣ የሚሮጡበትን ሰዓት ቀንና ሌሊት ይመዘግብ ነበር። አይጥ ሲመሽ ትሮጣለች፣ ሲነጋ ትተኛለች። ብርሃን እያየች ነው እንዳይባል፣ ዓይናቸው የጠፋ አይጦችም 24 ሰዓት ገደማ የሆነውን ዙር ሳያቋርጡ ቀጠሉ። ስለዚህ ሰዓቱ ያለው ውስጧ ነው ማለት ነው። ግን የቱ ጋ?

ሪክተር አንድ በአንድ ማጣራት ያዘ። ዕጢዎቻቸውን እየቆረጠ አወጣ። እዚህ ላይ ሌላም ነገር አየ፤ የታይሮይድ ዕጢ የሌላቸው አይጦች በቂ ሙቀት ማመንጨት ሲያቅታቸው ከበፊቱ የሚበልጥ ጎጆ ሠሩ። ሰውነት ያቃተውን ጠባይ ሸፈነው። የቀንና የሌሊቱ ዙር ግን አልቆመም።

የቀረው አንጎል ነበር። ብዙ ቦታ ሞክሮ፣ በ1967 ዙሩ የሚጠፋው ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል የፊተኛው ጎኑ ሲጎዳ መሆኑን አስታወቀ። የሰውነት ሙቀትን የሚቆጣጠረውም ይኸው ሃይፖታላመስ ነው።

ትክክለኛዋን ነጥብ ግን ሪክተር አላገኛትም። በ1972 ሌሎች ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች፣ የዓይን ነርቮች ከሚገናኙበት በላይ የተቀመጠች ጥንድ የሴሎች ክምችት መሆኗን አሳዩ። የሰውነት ሙቀት በየቀኑ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሰዓትም በሷ እንደሚመራ ኋላ ታወቀ። ሪክተር ያኔ 78 ዓመቱ ነበር። በ1988 አረፈ።

የምርምሩን ዋጋ የከፈሉት አይጦቹ ናቸው፤ ይህንን መደበቅ አይገባም። የሪክተርን ድርሻ በተመለከተ ግን፣ የመጨረሻዋን መልስ ሌላ ሰው ስላገኛት ልፋቱ ከንቱ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ሌሎቹ አንጎልን በሙሉ ሳይሆን አንዲት ጥግ ብቻ እንዲፈልጉ ያደረገው እሱ ነው። እኛ ጋዜጠኝነት የምንማር ልጆች፣ አንድ ጥያቄ በሳምንት ለሚሰለቸን፣ የሱ አርባ ዓመት ጥሩ ትምህርት ነው።